«እፈሩ» ለተባልነው የጣሊያን አክሽን ፊልም ወዳጆች፦ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ይሄ አንተን ነው የሚመለከተው» ብሎበታል። እውነቱን ነው። ጽሑፉ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ጣሊያኖች በትንሽ ገንዘብ ስለሠሯቸው አክሽን ፊልሞች ነው። የፖሊስና የወንበዴው፣ የኮማንዶው፣ ከኑክሌር ጦርነት በኋላ በሞተር ሳይክል የሚፋለሙት ሁሉ ይገቡበታል። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ፊልሞቹ የአሜሪካ ፊልም ኮፒ ናቸው። ሁለተኛ፣ ርካሽነታቸው ዓይን ያወጣ ነው። ሦስተኛ፣ ድምፁ ከከንፈር ጋር አይገጥምም። አራተኛ፣ ፋሺስታዊ መንፈስ አለባቸው። አምስተኛ፣ ስለዚህ የሚወዳቸው ሰው ቢያንስ ማፈር አለበት።

እኔ እወዳቸዋለሁ፤ አላፍርም። ጸሐፊው የሚያነሷቸው ነጥቦች ግን ተራ ስድብ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ እውነት አላቸው። ስለዚህ በየተራ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ከየት እንደምነሳ ልናገር። እነዚህን ፊልሞች ያየሁት አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ውስጥ በነበረች ቪዲዮ ቤት ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አራት አግዳሚ ወንበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። የፊልሙን ርዕስ የሚጠይቅ አልነበረም። የምንጠይቀው «አክተሩ የቱ ነው? ቦሱስ?» ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ አንድ ጥቁር ሰው ቀስት ይዞ ብቅ አለ። የሚወረውራት ፍላጻ ጫፏ ላይ ፈንጂ አላት። እስከዚያ ቀን ባየናቸው ፊልሞች ጥቁሩ ሰው ቀድሞ ይሞታል፤ ለምደነዋል። ይሄኛው ግን አልሞት አለ። ፍላጻዋ መኪና ባፈነዳች ቁጥር ቤቷ በጩኸት ትናወጣለች። በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ቀስት ያልሠራ ልጅ አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ፊልሙን ያገኘሁት። «ኢ ኑኦቪ ባርባሪ» ይባላል፣ «አዲሶቹ አረመኔዎች» እንደማለት ነው። ኤንዞ ካስቴላሪ የሚባል የሮም ሰው ዳይሬክት ያደረገው የ1983 ፊልም ነው። ባለ ቀስቱ ደግሞ ፍሬድ ዊሊያምሰን ነው፤ ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የነበረ፣ በመጀመሪያው ሱፐር ቦውል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል የዋንጫ ፍጻሜ፣ የተሰለፈ። ታሪኩ የሚካሄደው ከኑክሌር ጦርነት በኋላ በ2019 ነው። የምናየው ባድማ ምድር ግን ሮም አካባቢ ያለ የድንጋይና የአሸዋ ማውጫ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

«ኮፒ ናቸው።» አዎ፣ ብዙዎቹ የተነሱት ከአንድ የተሳካ ፊልም ነው። ይህን ጣሊያኖቹም አልደበቁትም። ቃል ሁሉ ነበራቸው፤ «ፊሎኔ» ይሉታል። ማዕድን ቆፋሪ አንድ የወርቅ መስመር ሲያገኝ እሱን ተከትሎ እንደሚቆፍረው ማለት ነው። አንድ ፊልም ሲያዋጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተከታዮቹ ይጎርፋሉ፤ መስመሩ ሲደርቅ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። «ዘ ዲር ሀንተር» ጣሊያን ውስጥ «አዳኙ» ተብሎ ታይቶ ስለነበር አንቶኒዮ ማርገሪቲ በ1980 «የመጨረሻው አዳኝ» የሚል የቬትናም ጦርነት ፊልም ሠራ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም።

የምከራከረው «ኮፒ ስለሆነ ባዶ ነው» ሲሉ ነው። የጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ የ1964 የመጀመሪያ ካውቦይ ፊልም ከጃፓናዊው ዳይሬክተር ከአኪራ ኩሮሳዋ «ዮጂምቦ» ፊልም የተወሰደ ነበር። የጃፓኑ ኩባንያ ከሰሰ፤ በስምምነት ከዓለም አቀፉ ገቢ 15 በመቶ ተሰጠው። ኮፒነቱ እንዲህ በገንዘብ ተከፍሎበታል። ዛሬ ግን ያ ፊልም ባዶ ነው የሚል ሰው አላውቅም። ሊዮኔ የሌላውን ታሪክ ወስዶ የራሱን ዓይን አመጣበት፤ ዝምታውን፣ ፊትን እስከ ላብ ጠብታው ድረስ ማቅረቡን፣ የሙዚቃ ደራሲውን የሞሪኮኔን ፉጨት።

ካስቴላሪም እንዲሁ ነው። በ1982 «የብሮንክስ ተዋጊዎች» የሚለውን ሲሠራ ከሁለት ሦስት የአሜሪካ ፊልሞች እንደወሰደ ያስታውቃል። ግን አንድ ትዕይንት አለ። ሁለት የወሮበላ ቡድኖች ወንዝ ዳር ሊነጋገሩ ይገናኛሉ። ሞተሮቹ ተደርድረዋል፤ ማን ቀድሞ እንደሚተኩስ አይታወቅም። ከመሃላቸው፣ ክፍት ሜዳ ላይ፣ አንድ ሰው ሙሉ ድራም ዘርግቶ ይመታል። ማን ነው? ለምን እዚያ ተቀመጠ? ማንም አያብራራም። ድራሙ ብቻ ይመታል፤ ልብህም አብሮ ይመታል። ይህን ትዕይንት ካስቴላሪ ከየትኛው የአሜሪካ ፊልም እንደገለበጠው ጸሐፊው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞ ወንዙ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልፈሰሰም። ካስቴላሪ በ1978 የሠራው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊልም በእንግሊዝኛ የወጣበትን ርዕስ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኩዌንቲን ታራንቲኖ ፊደሉን አጣሞ በ2009 ለራሱ ፊልም ወሰደው። ካስቴላሪንም ለአፍታ በፊልሙ ውስጥ አሳየው። እዚያው ፊልም ላይ አንዱ አሜሪካዊ ወታደር ጣሊያናዊ መስሎ ሲገባ የሚጠቀምበት ስም «አንቶኒዮ ማርገሪቲ» ነው። ያን የቬትናም ፊልም የሠራው ሰውዬ ማለት ነው።

«ርካሽ ናቸው።» እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ለእኔ የፍቅሩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

ጸሐፊው ሲቃጠል ያዩት ድልድይ «ሞዴል መሆኑ ያስታውቃል» ብለው ያላግጣሉ። እስቲ ሞዴሉን ጠጋ ብለን እንየው። እውነተኛ ድልድይ ሲፈርስ መሬት እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል። ከሱ 16 ጊዜ የሚያንስ ሞዴል ግን በሩብ ጊዜ ነው ዱብ የሚለው። ዓይናችን ወዲያው ይነቃል፤ «መጫወቻ ነው» ይላል። ስለዚህ ሞዴል የሚቀርጽ ሰው ካሜራውን ያፈጥነዋል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) መሆኑ ቀርቶ ወደ 96 ያወጣዋል። በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ብረቱ ይከብዳል፤ ጭሱ ቀስ ብሎ ይጥቀለቀላል። ውሃ ግን እሺ አይልም። ጠብታን ማሳነስ አይቻልም፤ አንዲት ጠብታ በሞዴሉ ወንዝ ላይ የሰው ጭንቅላት ታክላለች። እሳትም እንደዚያው ነው። ማርገሪቲ ዕድሜውን የጨረሰው ከዚህ ጋር ሲታገል ነው። ካሜራው የት ይቀመጥ፣ ስንት ሰከንድ ብቻ ይታይ፣ መቼ ወደ ተዋናዩ ፊት ይቆረጥ። ሊዮኔ ራሱ በ1971 ፊልሙ ላይ ለልዩ ትዕይንቶቹ የጠራው እሱን ነው።

አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኮፖላ ፊሊፒንስ ሄዶ የቬትናም ፊልሙን ሲሠራ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ማርገሪቲም ፊሊፒንስ ሄደ። እዚያው ጫካ፣ እዚያው ሙቀት፤ ገንዘቡ ግን የሚወዳደር አይደለም። በእጁ ያለው ሞዴሉና ብልሃቱ ነበር። በዚያ አቅም ሄሊኮፕተር፣ ዋሻ፣ ወንዝ፣ የሚቃጠል መንደር ያለበት ፊልም ይዞ ወጣ። ጸሐፊው የሚስቁበት ስፌት ለእኔ የሠሪው የጣት አሻራ ነው። ሸክላ ድስት ላይ የሠሪዋ ጣት ምልክት ታይቶ «ጉድለት ነው» አይባልም።

ሁሉም ነገር ሞዴል አልነበረም ደግሞ። የካስቴላሪን የ1976 ፊልም «ኢል ግራንዴ ራኬት»ን ይውሰዱ። ሱቆችን እያስፈራራ ገንዘብ የሚሰበስብ ቡድን አለ። ወንበዴዎቹ ፋቢዮ ቴስቲ የሚጫወተውን መርማሪ ከነመኪናው ገደል ይለቁታል። ሌላ ዳይሬክተር መኪናው ሲንከባለል ከሩቅ ያሳየን ነበር። ካስቴላሪ ካሜራውን ከሰውዬው ጋር መኪናው ውስጥ ዘጋበት። ሰማይና መሬት በመስኮቱ ይዞራሉ። መስታወቱ ተፈርክሶ እንደ በረዶ ፊቱ ላይ ይዘንባል። ሁሉም በዝግታ ነው። የመኪናውን ጣሪያ በትከሻህ ትመታዋለህ። ፊቱ የሚታየው የቴስቲ የራሱ ነው፤ ተዋናይ ከመሆኑ በፊት ስታንትማን፣ አደገኛውን ትዕይንት በተዋናይ ፋንታ የሚሠራ ሰው፣ ነበር። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ይህን ትዕይንት ከዛሬዎቹ የመቶ ሚሊዮኖች ፊልም ጎን አስቀምጬ አይቼዋለሁ። ትንፋሼን ያሳጠረኝ የ1976ቱ ነው።

የከተማ ሩጫዎቹም እንዲሁ። አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ የምትባለው ባለ አራት በር መኪና የእውነትም የጣሊያን ፖሊስ መኪና ነበረች። እሷ የሚላኖን ወይም የሮምን ጠባብ መንገድ በጎማዋ ስታስጮህ ከኋላዋ የምታየው ግድግዳ እውነተኛ ግድግዳ ነው። ልብሱ የተሰጣበት ሰገነት፣ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ዘወር ብሎ የሚያየው ሽማግሌ፣ ሁሉም የዚያን ዓመት ጣሊያን ነው። ስቱዲዮ መከራየት ስላልቻሉ ከተማዋን ቀርጸው አስቀሩልን።

«ድምፁ አይገጥምም።» ይህ አጭር ነው። ጣሊያን ውስጥ ፊልም ሲቀረጽ ድምፅ አብሮ መቅዳት ልማድ አልነበረም። ኋላ ስቱዲዮ ገብተው ነው የሚሞሉት። ተዋናዮቹ ከተለያየ አገር ነበሩ፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በስፓኒሽ፣ ሦስተኛው በጣሊያንኛ ይናገራል። ስለዚህ የጣሊያንኛው ቅጂ ራሱ የተሞላ ድምፅ ነው። ታላቁ የጣሊያን ዳይሬክተር ፌሊኒም የሚሠራው እንደዚሁ ነበር። አንዳንዴ ተዋናዮቹን በንግግር ፋንታ ቁጥር ያስቆጥራቸው ነበር፤ ቃሉ በኋላ ይገባል። ፌሊኒ ላይ «ጥበብ» የተባለ ነገር ካስቴላሪ ላይ «ስንፍና» ሲባል አይገባኝም።

ተዋናዩ ቶማስ ሚሊያን ደግሞ አለ። ሃቫና፣ ኩባ ተወልዶ፣ ኒውዮርክ አክተርስ ስቱዲዮ በሚባለው የትወና ቤት ተምሮ ሮም የገባ ሰው ነው። ሮማውያን እንደራሳቸው ልጅ ወደዱት፤ የድሃ ሰፈራቸውን አነጋገር የሚናገር፣ የሚሳደብ፣ የሚያስቃቸው ሰው አድርገው። ያ ድምፅ ግን የፌሩቾ አሜንዶላ ነበር። ለዴ ኒሮ፣ ለፓቺኖና ለስታሎን በጣሊያንኛ ድምፅ የሰጠው ያው አሜንዶላ ነው። የኩባዊው ፊትና የአሜንዶላ ጉሮሮ ተጋጥመው አንድ ሰው ወጣ። ሁለት ሰዎች ተጋግዘው የፈጠሩትን ሰው ከንፈሩን እየቆጠሩ ማጣጣል ይከብደኛል።

«ፋሺስታዊ ናቸው።» ይህኛው ከባዱ ክስ ነው። እኔ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነኝ። «ጣሊያን» እና «ፋሺስት» የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ሲመጡ ዝም ብዬ የማልፈው ነገር አይደለም።

ጸሐፊው የሚሉት ይህ ነው፦ ፊልሞቹ ሕግ የሚጥስ ፖሊስን ጀግና ያደርጋሉ፤ ተመልካቹን «ግደልልን» እንዲል ያለማምዱታል። እንዲህ ያሉ ፊልሞች አሉ፤ አልክድም። ግን ይህ የፖሊስ ፊልም ጎርፍ ምን ላይ እንደተነሳ ማየት አለብን። ታኅሣሥ 12 ቀን 1969 ሚላኖ፣ ፒያሳ ፎንታና ባንክ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። 17 ሰው ሞተ። መጀመሪያ አናርኪስቶች ተያዙ። ፍርድ ቤቶች የኒዮፋሺስቶች ሥራ ነበር ወደሚለው የደረሱት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1970 ልዑል ቦርጌዜ የሚባል የፋሺስት ዘመን መኮንን መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። በ1978 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አልዶ ሞሮ ቀይ ብርጌድ በሚባለው የግራ ታጣቂ ቡድን ታግተው ተገደሉ። በ1980 የቦሎኛ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው አለቀ። ጣሊያኖች «የእርሳስ ዓመታት» ይሏቸዋል፤ እርሳስ ሲሉ የጥይቱን ነው። ሰው ፊልም ቤት ሲገባ ከደጅ ትቶት የሚገባው ይህን ነበር።

አሁን ይህን ጎርፍ ከከፈቱት ፊልሞች አንዱን እንይ። የ1972ቱ «ላ ፖሊዚያ ሪንግራትሲያ»፣ «ፖሊስ ያመሰግናል»። ሮም ውስጥ ወንጀለኞች በምስጢር ይገደላሉ። ኮሚሽነሩ ሲከታተል ገዳዮቹ ጡረታ የወጡ የፖሊስ ሰዎችና ከኋላቸው ያሉ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ያገኛቸዋል። «ሥርዓት እናስከብራለን» የሚሉት ራሳቸው መንግሥት ሊገለብጡ ነው። ኮሚሽነሩ ይህን ስለደረሰበት ይገደላል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ «አክተር አይሞትም» እያልን ላደግን ልጆች ይህ መጨረሻ የማይታመን ነው። ፊልሙ ሕግ ጥሰው የሚገድሉትን እያወደሰ ነው ወይስ በስማቸው እየጠራቸው?

በዚያው ዓመት ፈርናንዶ ዲ ሊዮ «ሚላኖ ካሊብሮ 9»ን ሠራ። እዚያ ውስጥ ሁለት የፖሊስ አለቆች በአንድ ቢሮ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ «ወንጀለኛ ወንጀለኛ ነው» ይላል። ሌላው ወንጀሉ ከድህነቱ፣ ከደቡብ ተሰድዶ ከሚመጣው ሠራተኛ ኑሮ ተነጥሎ አይታይም ባይ ነው። ጭቅጭቁ የወንበዴውን ታሪክ እያቆመ ይካሄዳል። ርካሽ አክሽን ፊልም ነው የተባለው ይህ ነው። በመጨረሻም ተዛውሮ የሚሄደው ሁለተኛው ነው፤ ዲ ሊዮ እንደዚያ ነበር አገሩን ያያት።

እውነተኛውን የፋሺስት ፊልም ከፈለጉ እኔ ልጠቁምዎት። በ1938 «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» የሚባል ፊልም ወጣ። የአብራሪ ታሪክ ነው፤ ጀግንነቱ የሚደመደመው በኢትዮጵያ ወረራ ላይ ነው። የበላይ ተቆጣጣሪው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር፤ እሱ ራሱ እዚህ መጥቶ ሕዝባችን ላይ ቦምብ የጣለ አብራሪ። ፊልሙ ርካሽ አልነበረም፤ መንግሥት ከኋላው ነበር። በቬኒስ ፌስቲቫልም በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ወሰደ። ያኔ ጥራትና ክብር ያጀበው ይህን ነው። ያው የቬኒስ ፌስቲቫል በ2004 ለእነዚህ «ርካሽ» ለተባሉት ዳይሬክተሮች ልዩ ዝግጅት አድርጎ ፊልሞቻቸውን አሳየ። ሁለቱን ሳስተያይ የትኛው እንደሚያሳፍር ለመለየት አልቸገርም።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ፤ እሳቸው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው። ሴቶቹ። በብዙዎቹ ፊልሞች ሴት የምትገባው ልትደበደብ፣ ልትራቆት፣ ወይም ሞታ አክተሩን ልታናድድ ነው። ቤት ውስጥ ከእህቴ ጋር ሳይ ስንት ጊዜ አጠፋሁት። ይህን በዘመኑ ማሳበብ አይቻልም፤ በዘመኑም የተሻለ የሠሩ ነበሩ። የጫካ ፊልሞቹም ውስጥ የሚወድቁት እስያውያን ስም የላቸውም፤ ተኩስ ሲሰማ ከዛፍ የሚወርዱ ሬሳዎች ናቸው። በልጅነቴ እያጨበጨብኩ ነው ያየሁት። ዛሬ አላጨበጭብም። ክሱ በዚህ በኩል ቢመጣ ኖሮ እጄን ሰጥቼ እሰማ ነበር።

«ማፈር አለባችሁ።» ፊልሞቹ የተሠሩት ለማን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ጣሊያን በ1955 ከ800 ሚሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት የሸጠች አገር ናት። አዲስ ፊልም መጀመሪያ የሚታየው በትልልቆቹ ከተሞች በውድ አዳራሾች ነው። ከዚያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ወደ ሦስተኛ፣ ወደ ሠራተኛ ሰፈርና ወደ ገጠር ከተማ። እዚያ ሰው ከሥራ መልስ ይገባል። ዘግይቶ ይገባል፣ ያወራል፣ ያጨሳል፣ ጓደኛውን ይጠራል፤ ኃይለኛ ትዕይንት ሲመጣ ዝም ይላል። ፊልሞቹ የተሰፉት በዚህ ሰው ልክ ነው። ለዚህ ነው በየአሥር ደቂቃው አንድ ነገር የሚፈነዳው። በ1976 የጣሊያን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ለግል የአካባቢ ቴሌቪዥኖች በር ከከፈተ በኋላ ፊልም በነፃ ወደ ቤት ገባ። እነዚያ አዳራሾች እየተዘጉ ሄዱ፤ ፊልሞቹም አብረዋቸው።

የኛ ቪዲዮ ቤትም ልክ ያ ሦስተኛ ደረጃ አዳራሽ ነበር። ማንም ሳያስበው፣ በካሴት ተገልብጦ ተገልብጦ፣ ቀለሙ ለቆ፣ ፊልሙ ለትክክለኛው ተመልካች ደረሰ። በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ፍሬድ ዊሊያምሰን ቀስቱን ሲወጥር አጠገቤ የነበረው ልጅ ክንዴን ጨምቆ ይዞኝ ነበር። ይህን ደስታ በድብቅ የሚያዝ ነገር አድርጌ ልቆጥረው አልችልም።

ጸሐፊው ከእነዚህ ፊልሞች ሙሉውን ያዩት አንድ ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። እንግዲያው ዛሬ ማታ «ሚላኖ ካሊብሮ 9»ን ይክፈቱ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ ብቻ ይዩ። ሚላኖ ናት። አንዲት ጥቅል ከእጅ ወደ እጅ ታልፋለች፤ ቃል የሚተነፍስ የለም ማለት ይቻላል። የሙዚቃ ደራሲው የሉዊስ ባካሎቭ ቫዮሊኖች ከኦሳና ባንድ ጊታር ጋር ይተናነቃሉ። ጥቅሏ ስትፈታ ውስጧ ገንዘብ ሳይሆን ተራ ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ላይ የሚደርሰውን አልነግርዎትም። ካዩት በኋላ ሁለተኛ ጽሑፍ ይጻፉ፤ አነበዋለሁ።